ቁርጥ እሱን

ሠዓሊ ቢረሳው ጎረቤቴ ነው። እዚህ ነገሌ፣ ወደ ጦር ካምፑ በሚወስደው መንገድ፣ የኔ ሻይ ቤትና የሱ ሥዕል ቤት ግድግዳ ይጋራሉ። የወታደር ልጅ ነው። አባቱ ሲሞቱ ከጉርድ ፎቷቸው አሳድጎ ሳላቸው፤ እጁም ያኔ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የካምፑ ሰው ለሙት ዓመት የሟቹን ምስል ሲፈልግ ወደ እሱ ነው የሚመጣው።

ታዲያ ዝም ብሎ አይስልም፣ ነዝናዛ ነው! ሲስቅ አፉ ወዴት ያዘነብል ነበር? ሲቆጣስ? እያለ የሟቹን ቤተሰብ ያደርቃል። ሥዕሉን ሊወስዱ ሲመጡ የሚጠብቀው አንዲት ቃል ነው። «ቁርጥ እሱን» ካሉት ቀኑን ሙሉ ሲያንጎራጉር ይውላል። ካላሉት እህል አይቀምስም።

አምና እትዬ በዛብሽ ግዳጅ ላይ የሞተ ልጃቸውን፣ የኤርሚያስን ፎቶ አመጡለት። ፎቶው ደብዝዟል። በልጅነቱ ከአጥር ወድቆ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ እንደቀረበት እያለቀሱ የነገሩት እሳቸው ናቸው። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ፤ የዚያን ዕለት ደሙን ያጠብኩለት እኔ አይደለሁ እንዴ!

ሥዕሉ ሳያልቅ ግን ፎቶ አንሺው ዱባ ያንኑ ፎቶ በስልኩ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጠላቸው። ስልኩ ባንዴ ሙሉ ልብስ አለበሰው፣ ፊቱን አጸዳው፣ ጥርሱን አስገለጠው። ኤርሚያስ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። እትዬ በዛብሽ ግን አሳጥበው ሳሎን ሰቀሉት፤ ጠዋት ማታ ያናግሩታል። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

የቢረሳው ሥዕል ሲደርስ መጥተው አተኩረው አዩት።

«ይሄ ቅንድቡ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ጠባሳው ነው እትዬ። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።»

«ልጄ ጠባሳ አልነበረውም።»

ቢረሳው አልተከራከረም። ብሩሹን አንስቶ እዚያው ፊታቸው ጠባሳውን ሸፈነው። ያኔ «ቁርጥ እሱን» አሉት። እሱ ግን ቀና ብሎም አላያቸው።

በሳምንቱ ሻይ ቤቴ ገባ። እንደ ልማዱ በኦሮምኛ «አካም» ብሎ እንኳ ሰላም አላለኝም። አዲስ ሸራ ወጥሮ ኤርሚያስን ለራሱ ሊስለው ጀምሯል፤ ጠባሳው ጋ ሲደርስ ግን ራሱን ተጠራጠረ።

«እትዬ እሙሽ፣ ግራው ላይ ነበር አይደል? አዎ ይበሉኝና ልሳለው።»

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ልጁን ላስታውስ ዓይኔን ስጨፍን የመጣብኝ ያ ጥርሱን የገለጠው የስልኩ ልጅ ነው፤ ሁለቱም ቅንድቦቹ ንጹሕ። ቀኝ ይሁን ግራ ጠፋብኝ። «እንጃ» ስለው ሻዩን ሳይነካ ወጣ። ሥዕል ቤቱንም ከዚያ ወዲህ አልከፈተውም።