ታጥቦ የቀረበው ሞተር

የወንድሜን ሞተር ሳይክል ያጠብነው እኔና እናቴ ነን። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ የኋላው ነገር ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ወንድሜ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። ቤታችን አምቦ ነው፤ እሱ ግን ደንዲ ውስጥ፣ ከሐይቁ በላይ ባሉት ቀበሌዎች እየተመላለሰ ከብት ይከትብ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለዚያ ሁሉ ሠራተኛ አንድ ሞተር ብቻ ስለነበረው የራሱን ገዛ። ገዝቶም አልቀረ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ ገባለት። ጓደኞቹ ሲስቁበት ትዝ ይለኛል።

«ለራስህ ሳትገባ ለብረት ገባህ?»

«እኔን ማን ይሰርቀኛል?» ይላቸዋል።

በክረምት ከጊንጪ ሲመለስ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ሞክሬ ነበር።

ፖሊስ መርምሮ ሲጨርስ ሞተሩን አምጥተው ግቢያችን ጥግ፣ ከቆርቆሮው ሥር አስቀመጡልን። ሸራ አለበስነው። ከሳምንታት በኋላ ከኢንሹራንሱ ተደወለ። «የጉዳት ገማች ሐሙስ ይመጣል፤ እንዳለ ይቆይ፣ እንዳትነኩት» አሉ። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ለእናቴም ነግሬያታለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ባልዲ ይዛ ሸራውን ስትገልጥ አገኘኋት።

«እንዳትነኩት ብለዋል እኮ» አልኳት።

«የልጄን ደም ለእንግዳ አላሳይም።»

እጅጌዋን ሰበሰበች። እኔም ጨርቅ አመጣሁ። እሷ የነዳጅ ቋቱንና መቀመጫውን አጠበች፤ እኔ ጎማውን። ውኃውን ሁለት ጊዜ ቀየርን። አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ጎረቤታችን በያጅ ነው፤ በአጥሩ በኩል ሲያየን ቆየና የብረት ቱቦ ይዞ መጣ። የተጣመመውን መሪ ታግሎ አቃናው። የተንጠለጠለውን መብራት በሽቦ አሰረው። ማንም አልጠየቀውም። ሐዘን ቤት የመጣ ሰው ባዶ እጁን መቆም ይከብደዋል፤ ለዚያ ይመስለኛል።

ሐሙስ ገማቹ መጣ። ካሜራ ያንጠለጠለ ወጣት ነው። ሸራውን ገለጥኩለት። ሞተሩ ያብረቀርቃል።

«ማነው ያጠበው?» አለ።

«እኛ» አለች እናቴ፣ ቀና ብላ።

«እማማ፣ ጉዳቱን እኮ ነው ያጠባችሁት! እኔ አሁን ምን ልገምት?»

«የተሰበረው እዚያው አለ ልጄ። የሄደው ቆሻሻው ነው።»

ሳቁን ዋጠ። ዞሮ ዞሮ አየ፣ ፎቶ አነሣ፣ ጻፈ። ሲወጣ እኔን ለብቻዬ በሩ ጋ አቆመኝና «ሙሉ በሙሉ ወድሟል ሊባል ይችል ነበር። እንዲህ መሪው ተቃንቶ፣ በእግሩ ቆሞ ሳየው ግን ‹ይጠገናል› ከማለት ሌላ የምጽፈው የለኝም» አለኝ።

ከኢንሹራንሱ የመጣው ደብዳቤም እንደዚያው ይል ነበር። ወይ ኢንሹራንሱ ጋራዥ አስገብቶ ያስጠግናል፤ ወይ የጥገናውን ግምት በገንዘብ ሰጥቶን ሞተሩ እንዳለ ለእኛ ይቀራል። ወራሿ እናቴ ስለሆነች ምርጫው የእሷ ነው።

ካቺሲ ከተማ የሚያስተምረው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ይህን ሲሰማ ሥራውን ትቶ መጣ።

«ለኢንሹራንስ ሙሽራ አድርጋችሁ አቀረባችሁት!» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ። «በቃ፣ ገንዘቡን ውሰጂ። ባኮ ከተማ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ አውቃለሁ፣ ብረቱን ነገውኑ ይጭነዋል። ደም የነካው ነገር ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ሰው ምን ይላል?»

«ብረት ያድነኛል ብዬ አላመንኩም፤ ይገድለኛል ብዬም አልፈራም» አለችው። እኛ ጸሎት ቤት የምንሄድ ፕሮቴስታንቶች ነን፤ እንዲህ ያለ አጉል እምነት አትወድም። «እኔ የምፈራው ይሄንን ነው» ብላ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

ልክ ነበረች። ሞተሩን የፈለግሁት ለራሴ ነው። አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። መንዳት ያስተማረኝ ወንድሜ ነው፣ ኳስ ሜዳው ላይ፣ ከኋላዬ እየሮጠ። ተጠግኖ እኔ ስነዳው ሰው ከሩቅ አይቶ «እሱ ነው» የሚል ይመስለኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እንዴት እንዳወቀች አላውቅም።

ሁለት ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ። አጎቴ ይደውላል፤ እናቴ «እያሰብኩ ነው» ትላለች።

በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በራችንን አንኳኳ። ከደንዲ ነው የመጣው፤ ለገበያ ሳይሆን ለእኛ። «አካም ጅርቱ?» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጠረገ። እናቴን «ጀባዳ አዴ፣ በርቺ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ የወንድምህ ዶቅዶቄ የት አለ?»

አሳየሁት። ዙሪያውን አየውና ማውራት ጀመረ። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለ ነው የሚያወራው።

«ይሄ ገና ዳገቱን ሲይዝ ድምፁን ከባሕር ዛፉ ማዶ እንለየዋለን። ልጆቹ ያኔ ከብቱን ወደ ማጎሪያው ይነዳሉ። እሱ ደርሶ ሲያጠፋው ከብቱ ተሰልፎ ይጠብቀዋል። አንድ ቀን እንኳ ኑ ብሎ ጠርቶን አያውቅም።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ወንድሜ ቤት ውስጥ ስለ ሥራው አያወራም። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን እንደሚጓዝ፣ በረዶው ከቀለጠ እንደሚበላሽ ብቻ አውቃለሁ።

«አሁን በእሱ ቦታ አንዲት ልጅ ተመድባለች» አለ ሽማግሌው። «ሰኞ ትመጣለች ተብሎ ተነግሮናል። ሰኞ ሁላችንም ቤታችን ነን፤ ከብቱ መስክ ነው። ድምፅ እየጠበቅን! ልጅቷ ለካ በእግሯ መጥታለች። ቤት ለቤት ስትጠራን በረዶው አለቀ። መድኃኒቱን እያለቀሰች ደፋችው።»

«ወንድሜ መሞቱን ሰምታችሁ የለም?» አልኩት።

«ሰምተናል እንጂ። ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ። ጆሯችን ነው ያልሰማው።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ሆድ መታ መታ አደረገው፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው።

«ሞቷል ወይስ ታሟል?»

«ታሟል» አልኩ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ወንድምህ የታመመ ከብት ሲያይ ቢላዋ አምጡ ብሎ አያውቅም!»

እናቴ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ሽማግሌውን ሸኝታ ስትመለስ «ይጠገን» አለችኝ። «አንተ ግን አትወጣበትም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«በእግሯ ለምትሄደው።»

ሁለት ቀን አላናገርኳትም። አፍሬበታለሁ፣ ግን ሆኗል። በሦስተኛው ቀን ልብሷን ለብሳ ደብዳቤውን ይዛ ብቻዋን ልትወጣ ስትል የሞተሩን ሊብሬ ይዤ ተከተልኳት።

የኢንሹራንሱ ጸሐፊ ወረቀቱን አገላብጣ «ገንዘቡ አይሻልዎትም እማማ?» አለቻት።

«ሞተሩ» አለች እናቴ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ የከፈለው ሞተሩ እንዲሄድ ነው።»

ጣቷን ቀለም ነክራ በእርጋታ አተመች። ከእሷ አጠገብ ቆሜ ነበር። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። በወንድሜ ነው ወይስ በእሷ፣ መለየት አቃተኝ።

ጥገናው ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። ሻንሲው ተቃና፤ የፊት ጎማው ሹካ ከአዲስ አበባ መጣ። በየቀኑ ጋራዥ እሄድ ነበር። መካኒኩ መጀመሪያ ያባርረኝ ነበር፤ በኋላ መፍቻ ያስይዘኝ ጀመር።

ሲያልቅ ልጅቷን አስጠራናት። ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ሞተሩን ስታየው ወደ ኋላ አለች።

«እማማ፣ እኔ የሰው ማስታወሻ ይዤ ብሰብርስ?»

«ማስታወሻማ ፎቶው አለ። ይሄ መሥሪያ ነው» አለቻት።

የቀረውን ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ጠዋት በብርድ ቶሎ እንደማይነሣ፣ ሁለተኛ ማርሽ እንደሚያስቸግር፣ ጭቃ ላይ የፊቱን ፍሬን እንዳትይዝ። ከወንድሜ የተማርኩትን ሁሉ። በደብተር ጻፈችው። አንድም ነገር አልደበቅኩም፤ እውነቱን ለመናገር አንድ ሁለቱን ለራሴ ላስቀር አስቤ ነበር።

ከበሩ ውጭ ቆሜ ሸኘኋት። እናቴ አልወጣችም፤ ከውስጥ ሆና ነው የጠበቀችኝ።

«ሄደች?»

«ሄደች።»

«ቀስ ብላ ነው?»

ልጅቷ መታጠፊያው ላይ እንኳ ፍሬን አልያዘችም፤ ጎንበስ ብላ በረረች።

«ቀስ ብላ ነው» አልኳት።