ከበሩ ማን ይቅደም

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምታጠናው አደጋን ስለ መከላከል መሆኑን ስትነግረኝ፣ “ለፍርሃትም ትምህርት ቤት ተከፈተለት?” አልኳት። አልሳቀችም። ኦስሎ ተወልዳ ያደገች ናት፤ እዚህ በፍርሃት አይሳቅም።

እኔ ያለ አስተማሪ፣ ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ነው የተማርኩት፤ ዓይኔ ግን ያያል። በዚህ ከተማ ባርነሃገ የሚሉት የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በጠራራ ፀሐይ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው፣ ገመድ ይዘው መንገድ ይሻገራሉ። መሀል ከተማው ላይ የማጸዳው ቢሮ ውስጥ ወለል ሳረጥብ ቢጫውን ምልክት ካላቆምኩ ስሜ ይነሳል። ከሕንጻው ፊት መኪና እንዳይገባ የኮንክሪት ሣጥን ደርድረው አበባ ተክለውበታል፤ ፍርሃታቸውን ውኃ ያጠጡታል። እነዚሁ ሰዎች ቅዳሜ ሲሆን ብቻቸውን በስኪ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ተራራ ላይ ይጠፋሉ፤ በበረዶ ወራት ባሕር ውስጥ ዘለው ይገባሉ። ሰው ራሱ የመረጠው አደጋ አደጋ አይመስለውም።

የእኛ ሰው ደግሞ ይብሳል። ቤተ ክርስቲያናችን እሑድ እሑድ የምትሰበሰበው ብሪን በሚባል ሰፈር፣ ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ባለ የኪራይ አዳራሽ ነው። በድንገተኛ መውጫው ፊት ትልቅ ስፒከር ቆሟል። ይነሳ ብል የመዘምራኑ መሪ “ጌታ ይጠብቀናል” አለኝ። እሱ ቤቱን በሦስት ቁልፍ ነው የሚቆልፈው። አዳራሹን ጌታ ይጠብቅ፤ ቴሌቪዥኑን ግን ቁልፍ።

ኖርዌጂያዊው የአዳራሹ ባለቤት ከእሳት አደጋ የማምለጥ ልምምድ ካላደረጋችሁ አላከራይም አለ። ፓስተሩ ኃላፊነቱን ለልጄ ሰጣት። ደወሉ የጮኸው በቡራኬው መካከል ነበር። ማንም አልተነቃነቀም፤ ሳይባረክ ማን ይወጣል? ፓስተሩም ድምፁን ከደወሉ በላይ ከፍ አድርጎ እስከ አሜን ዘለቀ። ከዚያ ሁሉም ተነሥቶ በሩ ላይ ተገተረ።

“እርስዎ ይቅደሙ።”

“ኧረ በጌታ፣ እርስዎ እያሉ?”

“እማማ ይለፉ እንጂ።”

“እኔን ምን ያስቸኩለኛል? ሥራ ያላችሁ ሂዱ።”

እማማ የምንላቸው በጉባኤው ውስጥ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ናቸው፤ ከዘራ ይዘው ነው የሚሄዱት። የአዳራሹ ባለቤት ከደረጃው ግርጌ ሰዓቱን እያየ ቆሟል።

“ተጣሉ እንዴ?” ብሎ ልጄን ጠየቃት።

“እየተከባበሩ ነው።”

“እሳቱም ተራውን ይጠብቃል?” አለ። በሚመጣው እሑድ ይደገም፣ ያኔም እንዲህ ከሆናችሁ ሌላ አዳራሽ ፈልጉ ብሎን ሄደ። ከዚያ በፊት ከሁለት ቦታ በጩኸታችን ተባረናል። ሌላ የሚቀበለን አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ልጄ “አባ፣ ችግሩ አንተ ነህ” አለችኝ።

“እኔ ምን አደረግሁ?”

“ቆምክ። የጉባኤው ሽማግሌ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። የሚመጣው እሑድ ማንንም ሳታይ ቀድመህ ውጣ።”

“ባልቴት ጥዬ ልሽሽ? ይህን ነው ያስተማሩሽ?”

“አንተ ካልወጣህ እማማም አይወጡም።”

ሳምንቱን ሙሉ ተቆጣሁ። አባቶቻችን ያወረሱንን አክብሮት በሰዓት ይለኩልን ጀመር። ነገር ግን የተናገረችው እውነት ነበር፤ እውነትን ደግሞ ከልጄ አፍ ስለ ወጣ ብዬ አልጥለውም።

እሑድ ደወሉ ሲጮኽ ቡራኬው አላለቀም። ተነሣሁ። እማማ መተላለፊያው ላይ ከዘራቸውን ሲፈልጉ አልፌያቸው ሄድኩ። ከኋላዬ “ውይ፣ ሰውዬውን ምን ነካው?” ሲባል ሰማሁ፤ ቀጥሎ የጫማ ድምፅ ደረጃውን ሞላው። ባለቤቱ ግቢው በሰው ሲሞላ አይቶ “በቃ፣ አዳራሹ የእናንተ ነው” አለና ሄደ። ልጄ በደስታ ክንዴን ያዘች።

እማማ የወረዱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁለት ወጣቶች ደግፈዋቸው።

“አንተ ሰው፣ የእውነት እሳት ቢሆንስ ኖሮ?” አሉኝ።

“ያኔም ቀድሜ እወጣ ነበር፤ እንዲከተሉኝ።”

“ልቤማ ተከትሎህ ነበር። ለእግሬ ማን ይንገረው?”

ልጄ እጇን ከክንዴ ላይ አነሳች። ባለቤቱ ሰዓቱን ያየው መሮጥ ለሚችሉት ብቻ ነበር፤ እኛም በዚያ ስንደሰት ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ልጄ የእማማን ወንበር ከፊት አንሥታ በሩ ሥር አደረገችላቸው። እማማ አስመለሱት። “በር ሥር የሚቀመጥ ለማኝ ነው” አሉ። በየትኛው መጽሐፍ ለዚህ መልስ እንዳለ ልጄን አልጠየቅኋትም። ወንበሬን ወስጄ ከእሳቸው ጎን ተቀመጥኩ፤ ቀድሞ የሚወጣ ሌላ ሰው ፈልጊ አልኳት።

“ማንን?”

“ፓስተሩን። እረኛ ከመንጋው ፊት ይሄዳል እያለ የሚሰብከው እሱ ነው፤ ይሂድ። እማማን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ።”