ከቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት

መካነ ሰላም አንደኛ ክፍል ሳስተምር፣ ስሟ ሲጠራ ዞር የማትል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረችኝ። ጠረጴዛ ሥር ገብታ ቆርኪ ታሽከረክራለች፤ ደስ ሲላት እጆቿን ታርገበግባለች። እናቷ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ የሚያሳድጓት አያቷ ናቸው፣ ደርባባ ሽማግሌ። ሰፈሩ «ጅኒ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ደሴ ለአጭር ሥልጠና ሄጄ «ኦቲዝም» የሚል ቃልና አንድ ምክር ይዤ ተመለስኩ፦ ከልጅቷ ጋር መስታወት ፊት ተቀመጪ፤ የምታደርገውን ሁሉ አድርጊ።

የእኔ መስታወት መዳፍ አያክልም። እነሱ ቤት ግን እናቷ ያስገዛችው ባለመስታወት ቁም ሳጥን አለ። ከትምህርት በኋላ እየሄድኩ ምንጣፉ ላይ ከጎኗ እቀመጥ ጀመር። ስታርገበግብ አርገበግባለሁ፤ ስትወዛወዝ እወዛወዛለሁ። አንድ ቀን አያትዬው በሩን ከፍተው አዩንና ክው አሉ።

«ሱብሃነላህ! ልጄ፣ አንቺንም ያዘሽ እንዴ?»

«ኧረ አባባ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አልኳቸው እጄን ሳላቆም።

«አብሽሪ እንግዲያ» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ሦስት ሳምንት ያህል ምንም የለም። ከዚያ አንድ ቀን እጇን አየር ላይ አቆመች። እኔም አቆምኩ። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ቀስ ብላ ዝቅ አደረገችው፤ ዝቅ አደረግሁ። ምላሷን አወጣች፤ አወጣሁ። ሳቋን ለቀቀችው! ከዚያ ወዲያማ መጫወቻዋ ሆንኩ፤ እሷ እንደ ፍየል ስትጮህ እኔም እጮሃለሁ።

ራሷን ትለይ እንደሆነ ለማየት አፍንጫዋን ጠመኔ የቀባኋት ቀን መስታወቱን በእጅጌዋ ወለወለችው። በማግስቱም እንዲሁ። በሌላ ሳምንት ግን ትክ ብላ አየችና እጇን ወደ ገዛ አፍንጫዋ ሰደደች። የነጣውን ጣቷን እያየች «እኔ» አለች። አያቷን ጮኼ ጠራኋቸው። መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ «አልሀምዱሊላህ» አሉ።

እናቷ ለእረፍት ስትመጣ ልጅቷ ቀና ብላም አላየቻት። እናትየው ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«ረስታኛለች እኮ፣ መምህርት።»

«ነይ እዚህ ተቀመጪ። የምታደርገውን አድርጊ፣ ሌላ ምንም አትበዪ።»

ልጅቷ ጉንጮቿን ስትነፋ እናትየውም እያፈረች ነፋች። ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ ደጋግማ አየቻት፤ ፊቷን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አዘነበለች፤ እናቷም ተከተለቻት። ልጅቷ ብዙ ቆይታ ጠጋ ጠጋ አለችና እናቷ ጭን ላይ ተቀመጠች።

እናትየው ሁለት ወር ቆየች። በሁለቱ ወር አንድም ቀን የፈለገኝ የለም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ቀናሁ።