ጦሙን ያላደረ መሬት

አባቴ ከኪራሙ ከተፈናቀለ ወዲህ ነቀምቴ፣ ከእኔ ጋር በኪራይ ቤቴ ይኖራል። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። አከራዬ «አባ፣ ጓሮው ባዶ ነው፤ ጎመን እንኳ ይዝሩበት» ብትለው አመስግኖ ተወው። የሚያጽናናው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ያለ እኔ መሬቱን ማን ያርሰዋል? ጦሙን ነው የሚያድረው። ተመልሼ አቀናዋለሁ» ይላል።

አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ ስደርስ የኪራሙ ጎረቤታችን ደወሉልኝ።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ? ደህና ነሽ፣ ልጄ? መሬታችሁን ዘንድሮ ሌሎች አርሰውታል። በቆሎው ሰው ይደብቃል። ለአባትሽ ንገሪው አልልሽም፣ አትንገሪውም አልልሽም።»

አመስግኜ ዘጋሁና ወደ ክፍል ገባሁ። ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ የዕለቱ ቃል «ፕሮዳክቲቭ» ነበር። ምርታማ ማለት ነው አልኳቸው። አንዷ ምርትን በኦሮምኛ ጠርታ ለጓደኛዋ «ኦሚሻ ብዙ የሚሰጥ» ብላ አስረዳቻት።

«ቲቸር፣ ለሰውም ይባላል?» አለኝ ከኋላ አንዱ።

«ይባላል። ብዙ ለሚሠራ ሰው፣ ብዙ ለሚጽፍ ደራሲ፣ እንቁላል መጣል ለማታቋርጥ ዶሮም ሳይቀር።»

ሳቁ። ዓረፍተ ነገር ስሪልን ሲሉኝ የአባቴ መሬት ምርታማ ነው ብዬ በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አርባ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ገለበጠው። አለቅሳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። ቾኩን አስቀምጬ ወደሚቀጥለው ቃል አለፍኩ።

ቤት ስመለስ አባቴ እዚያው በረንዳው ላይ ነበር። መደበቁም መንገሩም እኩል አደከመኝና ጫማዬን እየፈታሁ ነገርኩት።

«አባዬ፣ መሬቱ ታርሷል።»

«ምን ዘሩበት?»

«በቆሎ።»

«ያዘ?»

«ሰው ይደብቃል አሉ።»

ማን እንዳረሰው ይጠይቀኛል ብዬ ነበር፤ አልጠየቀም። ይቆጣል ብዬም ነበር፤ አልተቆጣም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«በወቅቱ ዘርተውታል ማለት ነው» አለ። «ደግ አደረጉ።»

እራቱን በላ፤ ተኛ። ከዚያ ቀን ወዲህ እመለሳለሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም።