የወንድሜ ግራ እጅ

ስለ አንድ ባዶ ሰው ወረቀት ማባከን ተገቢ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ግን አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜም ሰውየው ከአእምሮዬ አልወጣምና ልጻፈው። ጊዜው 1979 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ሸሕዲ።

ታላቅ ወንድሜ አዳነ የሰሊጥ አጫጆችን ከጫነ የትራክተር ተሳቢ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱ ክፉኛ ተጎዳ። ጎንደር ሆስፒታል ራሱን ሳያውቅ ብዙ ቆየ፤ አንገቱን በስተው የመተንፈሻ ቱቦ አስገቡለት። ነፍሱ ተርፋ ወደ ቤት ስንመልሰው ቱቦው አብሮት መጣ። ቀኝ እጁ አይታዘዝም። መናገር ሲፈልግ የቱቦውን አፍ በግራ ጣቱ ይደፍናል፤ ያኔ ቀጭን ድምፅ ይወጣዋል።

ሐኪሞቹ እናቴን ቱቦውን ማጽዳቱንና መልሶ ማስገባቱን አስተማሯት። «አክታውን በራሱ ስሎ መትፋት ሲችል እኛው እናወጣለታለን፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነቅለው» አሏት።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ግን ራሱን ከሐኪም በላይ የሚያይ ሰው ነበር። ስብሰባ የሚከፈተው ግራ እጅን ጨብጦ ወደ ላይ በማንሣትና መፈክር በማሰማት ነው። በሽተኛም አይቀርም ስለተባለ አዳነን ደግፈን ወሰድነው።

መፈክሩ ሲባል አዳነ እጁን አነሣ። ድምፅ የለም።

«አንተ! አፍህስ?» አለ ሊቀ መንበሩ።

አዳነ እጁን አውርዶ ቱቦውን ደፈነና «ይውደም» አለ።

«እጅህስ?»

እጁን አነሣ፤ ድምፁ ጠፋ።

«ጓድ፣ አንድ እጅ ያበድሩት እንጂ!» አለ ከኋላ አንድ የጎጃም የቀን ሠራተኛ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

ሊቀ መንበሩ ደሙ ፈላ። «ይቺ ናት አፉን የዘጋችው!» ብሎ ቱቦውን ከአንገቱ ጋር የያዘውን ማሰሪያ በጠሰና ቱቦውን ነቀለው።

አክታ ቀዳዳውንም የአየር ቧንቧውንም ደፈነ። የአዳነ ከንፈር ጠቆረ፣ ዐይኑ ፈጠጠ።

«ኧረ ልጄን! አምጣው አንተ ሰው!» ብላ እናቴ ጮኸች።

ሰውየው ቱቦውን እንደ ጨበጠ ደርቆ ቀረ። ከእጁ የነጠቀው አዳነ ራሱ ነው፣ በዚያችው በግራ እጁ። እናቴ አክታውን በነጠላዋ ጠርጋ ቱቦውን መልሳ አስገባችው። ትንፋሹ ሲመለስ ያፏጨው ድምፅ እስካሁን በጆሮዬ አለ።

ያ ጀግና ሊቀ መንበር «መኪና ላምጣ» ብሎ ወጣ። ኋላ ስናልፍ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ለሾፌሮች ስለ ንቃተ ኅሊና ሲያስረዳ አገኘነው።

እናቴ ይቅር በለው ትለኛለች። እሷን ማስደሰት እወዳለሁ፤ ይኼን ግን አልቻልኩም። መጥላት እንኳ ለእሱ ክብር ይመስለኛል፤ ስለዚህ እንቀዋለሁ።

አዳነ ውሎ አድሮ አክታውን ስሎ መትፋት ቻለ። ቱቦውንም ሐኪሞቹ ቀስ ብለው፣ እሱኑ አስፈቅደው አወጡለት፤ ጎንደር፣ በ1980 ዓ.ም. የጥምቀት ማግስት።