ለመጀመሪያ ፍቅሬ ሽማግሌ ሆንኩላት

እሁድ ጠዋት ጋሽ ወልዴ ሳሎን ውስጥ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆሜ ነበር። ሦስተኛው ሽማግሌ እኔ ነኝ... አትሳቁ፣ ገና ነው።

የጋሽ ወልዴ ልጅ ምህረት የመጀመሪያ ፍቅሬ ናት። ያኔ አንዋር መስጊድ ጋ መሬት ላይ ዘርግቼ ካልሲ እሸጥ ነበር። ሽማግሌ ብልክ አባቷ «ልጄን ለካልሲ ሻጭ?» ብለው ከበር መለሷቸው። እሷም ባለመኪና አገባች፣ እኔም አልቅሼ ዝም አልኩ።

ዘንድሮ ፈታ ተመለሰች። እኔ ደግሞ ጭድ ተራ የራሴን ሱቅ ከፍቻለሁ፤ ከጋሽ ወልዴ ሱቅ ጋር ግድግዳ እንጋራለን፣ ምሳ አብረን ነው የምንበላው። ምህረት አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ እኔ ጋ ጎራ ማለት ጀመረች። ሻይ እየጠጣች «ያኔ ያንተ ብሆን ኖሮ እኮ...» ትልና ትተክዛለች። እኔ ጅሉ ሽቶ ገዛሁ። በየቀኑ ፂሜን መላጨት ጀመርኩ።

ባለፈው ሳምንት «አንድ ነገር ልለምንህ፣ እምቢ እንዳትለኝ» አለችኝ።

«ነፍሴን ጠይቂኝ።»

«አባዬ ጋ ሽማግሌ ይላክ።»

ልቤ በአፌ ልትወጣ! «ማንን ልላክ?» አልኳት።

«አንተ ራስህ ሂድ።»

«ሙሽራ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ይሄዳል እንዴ?» ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ኤልያስ የሚባል ሰው አለ...» አለች ቀስ ብላ። «እንግዳ ሰው ስለሆነ አባዬ አያምነውም። አንተን ግን አንዴ መልሶሃል፤ ሁለተኛ ለመመለስ አፉ እሺ አይለውም።»

የዚያን ቀን ውርደቴን ለካ እስከ ዛሬ አስቀምጣው ኖሯል፣ ለሌላ ሰው ልትጠቀምበት። እኔም እሺ አልኩ። አዎ፣ እሺ አልኩ! ስደቡኝ። እያለቀሰች ስትለምነኝ እምቢ ማለት ድሮም አልችልበትም።

እናላችሁ እሁድ ገባን። ጋሽ ወልዴ «ተቀመጡ እንጂ» አሉን። «የመጣንበት ሳይፈጸምማ አንቀመጥም» አልን፣ እንደ ወጉ። ትልቁ ሽማግሌያችን ሀጂ ሽኩር ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን...» ከማለታቸው ጋሽ ወልዴ እጃቸውን አነሱ። የሚያዩት እኔን ነው። እንባ አቅርሯቸዋል።

«በቃ ሀጂ፣ አይድከሙ። ያኔ ይሄን ልጅ ከበር መልሼው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሰጥቻለሁ! በእናንተ ፊት ሰጥቻለሁ!» ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ለራስህ ሽማግሌ ሆነህ መምጣትህ ግን ጉድ ነው፣ አንተ ቀልማዳ!» ብለው ሳቁ።

እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። ሁሉንም እያወቅኩ፣ ደስ አለኝ። ቀና ስል ምህረትን በጓዳው በር በኩል አየኋት። በግንባሯ «ንገረው!» ትለኛለች።

«ጋሼ... ለእኔ አይደለም። ኤልያስ ለሚባል ሰው ነው።»

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ። «ማነው እሱ? ታውቀዋለህ?»

አንድ ቀን አይቼው የማላውቀውን ሰውዬ «ጨዋ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው» እያልኩ አሞገስኩት። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። ጋሽ ወልዴ እኔን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ «እኔ እኮ ይሄን ልጅ ብዬ ነው...» አሉ።

ሀጂ ግን የመጡበትን አልረሱም። «ወልዴ፣ በፊታችን ሰጥቻለሁ ብለሃል። ቃል ነው።»

ጋሽ ወልዴ አንገታቸውን ደፉ። «እሺ... ካልኩማ ምን አደርጋለሁ።»

ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። ስንወጣ ምህረት በር ድረስ ሸኘችን። ሁለት እጄን ይዛ «ዕድሜ ይስጥህ ወንድሜ! አላልኩህም? አንተን መመለስ አይችልም» አለችኝ።

ስንት ዓመት የናፈቅኩትን «ሰጥቻለሁ» በጆሮዬ ሰማሁት... ከዚያ እንደ ተሸካሚ ይዤ ወጥቼ ለኤልያስ አስረከብኩት።