የአባቴ ጉበትና የተፈራው መርፌ

የተወቀጠ ፌጦ ትኩስ ቅቤ ሲፈስበት የሚነሣው ሽታ ዛሬም ከጎረቤት ቤት ድንገት ሲመጣብኝ የአባቴ ቀኝ ትከሻ ትዝ ይለኛል። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ አባቴ በመካኒክነት ከሚሠራበት ፋብሪካ ብዙም ሳንርቅ ነበር። የማልጠይቀው ነገር ስላልነበረ እናቴ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽ አያርፍም?» እያለች ትቆጣኝ ነበር።

ክረምት ሲመጣ አባቴ ከሐይቁ ማዶ ደልጊ የምትኖረውን ታላቅ እህቱን፣ አክስቴን ጥሩነሽን ሊጠይቅ ይሄድ ነበር። እዚያ ሰው ውሃ ሲጠማው ጀልባውን ከዳር አርቆ ከሐይቁ መሃል በእፍኙ እየጨለፈ ይጠጣ ነበር፤ ቆሻሻው ዳር ዳሩን እንጂ መሃሉን አይነካውም ይባላልና። ያን ዓመትም አባቴ እንደ ልማዱ ጠጥቶ ተመለሰ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሆዱን ቆርጦት ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያዘው፤ ሁለት ቀን ኪኒን ውጦ ሲሻለው የቀረውን መሳቢያ ውስጥ ጥሎ ወደ ሥራው ሄደ።

መስከረም ሲጠባ ትኩሳት ጀመረው። በእኛ አገር በመስከረም የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ሁሉ ስሙ ወባ ነው፤ ደሙ ተመርምሮ ወባ የለበትም ቢባልም እናቴ «ተደብቆ ነው» ብላ አላመነችም። ቀጥሎ ቀኝ ትከሻውን ያመው ጀመር፤ ይህንንም የከባድ ብረት ጦስ አድርገነው እናቴ ከሥራ በገባ ቁጥር ፌጦና ቅቤ ታሸው ነበር። እኔ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጬ የሚያመውን ቦታ በጣቴ እየተጫንሁ እፈልግ ነበር። ትከሻውን ስጫነው ዝም ይልና ከጎድን አጥንቱ ሥር ስነካው ይጮህ ነበር። ይህን ለእናቴ ብነግራት «ሐኪም ሆነሽልኛል ደግሞ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ጥቅምት ላይ ሰውነቱ አልቆ ዓይኑ ቢጫ መሰለ። አክስቴ ከደልጊ መጥታ የዓይኑን ቆብ ገልጣ አየችና «የወፍ በሽታ ነው፤ መርፌ እንዳይነካው!» አለች። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ አይተርፍም ተብሎ ስለሚታመን ማንም አልተከራከራትም። የሥር መድኃኒት በጥብጣ አጠጣችው፤ አልተሻለውም። ቀና ብሎ መሄድ ሲያቅተው እናቴና አክስቴ ሆስፒታል ወሰዱት፣ እኔም ቤት የሚጠብቀኝ ስላልነበረ አብሬ ሄድሁ።

ሐኪሙ የአባቴን ቀኝ ጎን መታ መታ ሲያደርገው አባቴ ተሸማቀቀ፤ ወዲያው በአልትራሳውንድ ታየ። በስክሪኑ ላይ፣ በግራጫው ጉበቱ ውስጥ፣ ብርቱካን የሚያህል ጥቁር ጉድጓድ ነበር።

«ጉበትዎ ውስጥ መግል ተጠራቅሟል» አለው ሐኪሙ። «መድኃኒት እንሰጥዎታለን፤ ግን ሊፈነዳ ደርሷል፣ ከፈነዳ ለሕይወትዎ ያሰጋል። ዛሬውኑ በመርፌ እንቅዳው።»

«መርፌ አይሆንም!» አለች አክስቴ፤ እናቴም አንገቷን ደፋች። ሐኪሙ ምክንያቱን ቢጠይቅም በተማረ ሰው ፊት የወፍ በሽታን ማንሣት አሳፍሯቸው ነበር። እኔ ግን «የወፍ በሽታ ያለበት ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል ወይ?» አልሁ። እናቴ ቆነጠጠችኝ።

ሐኪሙ አልሳቀም። ስክሪኑን ወደ እናቴ አዞረና «እትዬ፣ ይህ ከአሜባ የመጣ ነው» አለ። «በተበከለ ውሃ ወይም ምግብ አንጀት ይገባል፤ ከዚያ በደም አድርጎ ጉበት ደርሶ ሥጋውን እየበላ መግል ያደርገዋል። ዓይናቸው ቢጫ የሆነው መግሉ የሐሞቱን መንገድ ስለተጫነው ነው። መርፌው አይገድላቸውም፤ የሚገድላቸው መግሉ ነው።»

«ትከሻውስ?» አልሁ።

«ጉበት ከላይ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ይነካል። የዚያ ነርቭ ከትከሻው ነርቭ ጋር ከአንድ ቦታ ስለሚነሣ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል።»

አባቴ ስለ ሐይቁ ውሃ ሲነግረው ሐኪሙ «ከዚያ ይሁን ከሌላ ማወቅ አልችልም» አለ፤ «ያልተፈላ ውሃ ግን መሃልም ዳርም የለውም።»

አባቴ አቅም አጥቶ ስለነበር እናቴን «አንቺ ያልሽው ይሁን» አላት። አክስቴም «አንድ ነገር ቢሆን ወንድሜን ካንቺ ነው የምፈልገው!» አለች። እናቴ «ለእርስዎ ወንድም ነው፤ ለእኔም የልጄ አባት ነው፣ እትዬ» ብላ የስምምነቱን ወረቀትና ብዕሩን ከሐኪሙ ተቀበለች፤ ቆይታ፣ ቆይታ ፈረመች። እኔ መርፌውን ለማየት ስለቸኮልሁ መዘግየቷ አናደደኝ።

በበሩ ስንጥቅ አየሁ፤ ወደ መርፌው የገባው መግል የጠላ ድፍድፍ ይመስል ነበር። አባቴ ኪኒኑን ዐሥር ቀን ዋጠ፤ ከዚያም አንጀት ውስጥ የቀረውን አሜባ የሚያጠፋ ሌላ ኪኒን ተጨመረለት፤ «ቢሻልዎትም እንዳያቋርጡ» ስለተባለ አንዲት ፍሬ አላስተረፈም። ኅዳር ላይ ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ጥር ላይ ሥራ ገባ። አክስቴ ያዳነው የእሷ ሥር እንደሆነ ለደልጊ ሰው ሁሉ ስታወራ ኖረች።

ባለፈው ዓመት ወንድ ልጄ ትርፍ አንጀት ታሞ ቀዶ ሕክምና ታዘዘለት። አልጋው ላይ ሆኖ «የሚቆረጠው የት ይጣላል? መልሶ ይበቅላል?» እያለ ሐኪሟን መላልሶ ሲጠይቃት እኔ የምፈርምበትን ወረቀት ይዤ አንዱን መስመር ደጋግሜ አነብ ነበር፤ አንድም ቃል አልገባኝም። ልጄ «እማዬ፣ ምነው ዘገየሽ?» አለኝ። ልጅ ሳለሁ እኔ ጎበዝ፣ እናቴ ፈሪ እንደነበረች አስብ ነበር። በአባቴ ጊዜ መርፌውን ለማየት እንደዚያ መጓጓት የቻልሁት ግን እናቴ የሁለታችንንም ፍርሃት ብቻዋን ስለያዘችው ነበር።